የቆላ መንገድ ስንቅ

«አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ኋላ ድስት ጥዶ ከማልቀስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተወለደው በማጀት ነው። ይሁን እንጂ ከማጀት ይልቅ ለመንገድ የሚስማማ ይመስለኛል። ባለሙያዋ እመቤት በርበሬው ቢያንሳት ከጎረቤቷ ትበደራለች። መንገደኛ ግን የጎደለውን የሚበደርበት ጎረቤት በምድረ በዳ መካከል አያገኝም። በተለይም ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከሚያውቀው ቋንቋ ወደማያውቀው ቋንቋ፣ ከአገሩ ሕግ ወደ ሌላ አገር ሕግ ለሚሻገር ሰው ዝግጅት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ይህን በሚገባ ያስተዋልሁት በ2001 ዓ.ም. ክረምት ነው። የትምህርት ዘመኑ እንዳበቃ የዕረፍት ጊዜዬን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ለማሳለፍ ተነሣሁ። በዚያ ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ አጎት ነበሩኝ። መኖሪያቸው ሳጃና ይባላል። ሳጃና ከከተማይቱ እምብርት በስተደቡብ የሚገኝ አሮጌ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ በዐረብኛ «የወህኒ ጠባቂ» ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ በግንባታ ዕቃ ንግድ የታወቀ ነበር። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቀለምና ጣውላ የሚሸጥባቸው ሱቆች ተደርድረው ይታዩ ነበር። አጎቴም ከእነዚህ በአንዱ፣ በጣውላ መሸጫ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በሳጃናና በአጎራባቹ በዴም ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስለሚኖሩ እንጀራና የጀበና ቡና ማግኘት አያስቸግርም ነበር።

የመምጣት አሳቤን በነገርኋቸው ጊዜ አጎቴ በመንገደኛ እጅ ደብዳቤ ላኩልኝ። ደብዳቤው እንዲህ የሚል ነበር። «ልጄ፣ በመምጣትህ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አራት ነገሮችን ሳታሟላ ከቤትህ እንዳትነሣ። እነርሱም ወረቀት፣ ጤና፣ ውሃና አንደበት ናቸው። ሌላው ሁሉ እዚህ ገበያ ይገኛል። እነዚህን አራቱን ግን ማንም አይሸጥልህም።»

እናቴ በበኩሏ የራሷን ዝግጅት ጀምራ ነበር። በሶ አስፈጨች፤ ዳቦ ቆሎ ቆላች፤ ቋንጣ አደረቀች፤ በርበሬና ሽሮ በየከረጢቱ ቋጠረች። ለወንድሟም አንድ ማሰሮ ለጋ ቅቤ ልትልክ ፈለገች። በካርቱም ሙቀት ቅቤ ገና ከመንገድ ላይ ቀልጦ ልብሱን ሁሉ እንደሚያበላሽ ባስረዳት ጊዜ፣ «ታዲያ ወንድሜ ቅቤ ቀልጦ በሚያልቅበት አገር እንዴት ይኖራል?» ብላ በመደነቅ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር ነበረበት። ቅቤውን የሚያቀልጠው ፀሐይ ሰውንስ ምን ያደርገዋል? ይህን ሳያጠኑ መንገድ መጀመር አይገባም።

ዝግጅቴን የጀመርሁት ከጉዞው ሁለት ወር አስቀድሜ ከወረቀቱ ነው። ፓስፖርቴ የሚያገለግልበት ጊዜ አለመቃረቡን ተመለከትሁ፤ ከሱዳን ኤምባሲ ቪዛ ጠየቅሁ። በእነዚህ ሰነዶች ላይ የሚጻፈው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ቀኑን ወደ ራሱ አቆጣጠር መልሶ መገንዘብ አለበት። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ከመኖሩ በላይ ወሩና ቀኑም አይገጥምም። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። በሱዳን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት በመሆኑ፣ እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የምንለው በእነርሱ 6 ሰዓት ነው። አውቶቡስ በ6 ሰዓት ይነሣል የተባለ መንገደኛ በእኛ አቆጣጠር ቀትርን ቢጠብቅ፣ አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቶ ይደርሳል።

ሕግን ማወቅም ከወረቀት ዝግጅት የሚቆጠር ነው። በዚያን ጊዜ በሱዳን ወደ አገሪቱ የገባ የውጭ አገር ሰው በ3 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የአልኮል መጠጥም በሕግ የተከለከለ ስለነበር፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ ለዘመድ ይዞ መሄድ በእኛ አገር ደግነት ሲሆን በዚያ ግን ወንጀል ነበር። አጎቴ በደብዳቤያቸው፣ «የፓስፖርትህንና የቪዛህን ግልባጭ በሌላ ሻንጣ አስቀምጥ፤ ዋናውን ግን ከአንገትህ በምትንጠለጠል ትንሽ ከረጢት አድርገህ ከሸሚዝህ ሥር ያዘው። ሻንጣ ይጠፋል፤ አንገትህ ግን አብሮህ ነው» ሲሉ መክረውኝ ነበር። እናቴም ከአሮጌ ቡልኮ ላይ ቆርጣ ያችን ከረጢት ሰፋችልኝ።

ሁለተኛው ጤና ነበር። ወደ ሱዳን የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት መከተቡን የሚያረጋግጥ ቢጫ ካርድ መያዝ ነበረበት። ይህ ክትባት የሚጸናው ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞ ዋዜማ ቢከተቡት ለጊዜው አይጠቅምም። የምስክር ወረቀቱ በዚያን ጊዜ ለ10 ዓመት ያገለግል ነበር፤ ከሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል። ሱዳንም ሆነች ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በሚያዘወትረው የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ስለሚገኙ የዚህንም ክትባት ተከተብሁ።

ከክትባት ሌላ መከላከያ የሚያስፈልጋቸው በሽታዎችም አሉ። ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ የሚገኘው ቆላ፣ ከድንበሩ ማዶም የገዳሪፍ አካባቢ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ወባና ካላዛርም የሚገኙባቸው ናቸው። ወባን የምታስተላልፈው የወባ ትንኝ ስትሆን፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው ከእርሷ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ በካላዛር የሚያዙት፣ በሽታውን የማያውቅ ሰውነት ይዘው ያለ አጎበር በሜዳና ከዛፍ ሥር ስለሚያድሩ ነው። ስለዚህ አጎበር፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝና ሐኪም ያዘዘልኝን የወባ መከላከያ መድኃኒት ያዝሁ።

የቀድሞ ሰዎች የበሽታዎቹን መንሥኤ ባያውቁትም ጉዳታቸውን ያውቁ ነበር። በጎንደርና በሰናር መካከል ይመላለሱ የነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች ንዳድ የሚባለውን ትኩሳትና የወንዞችን ሙላት ስለሚፈሩ ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቁ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስም ከጎንደር ተነሥቶ የሱዳንን መንገድ የጀመረው በበጋ፣ በታኅሣሥ ወር 1764 ዓ.ም. ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሰናር ወዲያ የኑብያን ምድረ በዳ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁበት። ጓዙን በአሸዋ ላይ ጥሎ በኅዳር ወር 1765 ዓ.ም. አስዋን ገባ። የከበዱት ሻንጣዎቹ በመጨረሻው ሰዓት ሕይወቱን ለማዳን ምንም አልረዱትም፤ በኋላ ሰው ይዞ ተመልሶ ያነሣቸው እርሱ ራሱ ነው።

ሦስተኛው ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ካርቱም ግን በ380 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀትሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ለጉብኝት የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ነው። መምህር ግን ረጅም ዕረፍት የሚያገኘው በክረምት ስለሆነ፣ ወቅቱን መምረጥ ባልችል ዝግጅቴን ማጠንከር ነበረብኝ።

የሰው ሰውነት ሙቀትን የሚቋቋመው በላብ ነው። ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ከደጋ የወረደ ሰውነት ግን በቂ ላብ በወቅቱ ማመንጨትን የሚለማመደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚደርስ ጊዜ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ሥራ አለመሥራት፣ በቀትር ፀሐይ አለመሄድ፣ ውሃ ጥም እስኪሰማ ሳይጠብቁ ደጋግሞ መጠጣት ይገባል። ልብሱም ነጣ ያለ፣ ሰፊና ከጥጥ የተሠራ ሊሆን ይገባዋል። ሱዳናውያን ነጭና ሰፊ ጀላቢያ ለብሰው ራሳቸውን በነጭ ጥምጣም የሚጠቀልሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሰፊው ልብስ ነፋስ ያስገባል፤ ነጩ ቀለም የፀሐይን ጨረር ይመልሳል።

ላብ ውሃን ብቻ ሳይሆን ጨውንም ይዞ ይወጣል። ለዚህም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን ዱቄት ገዛሁ። ዱቄቱ ባይገኝ በቤት ውስጥ የሚዘጋጅበትን መጠን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁ፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨው ከዚህ ቢበዛ ይጎዳል። ሁለት ሊትር የሚይዝ ኮዳም ከትከሻዬ አንጠለጠልሁ።

በሐምሌ ወር መጀመሪያ ጉዞ ጀመርሁ። ከአዲስ አበባ ካርቱም በየብስ 1500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጎንደር ተነሥተን አዘዞንና አይከልን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ በየሰዓቱ አየሩ እየከበደ፣ ካፖርት የለበሰውም ሁሉ እያወለቀ ሄደ። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባትንና በስማቸው መተማ ዮሐንስ የምትባለውን ከተማ አልፈን ድንበሩን ተሻገርን። ማዶው ጋላባት ነው። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም በዓባይ ዳር ወዳለችው ወደ ዋድ መዳኒ ደረስን።

ከጋላባት ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ዕድሜው 20 ዓመት የማይሞላ የአገራችን ልጅ ነበር። ሰው ሁሉ ልብሱን ሲያቀል እርሱ ወፍራም የቆዳ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀመጠ። እንዲያወልቅ ብመክረው እምቢ አለ። ውሃም አልያዘም። ከእኔ ኮዳ እንዲጠጣ ስጋብዘው ሁለት ጊዜ ብቻ ተጎንጭቶ አፍሮ መለሰልኝ።

ከዋድ መዳኒ ወጥተን ብዙ ሳንጓዝ በቀትር ላይ የአውቶቡሱ ሞተር ጋለና ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ዙሪያው እስከ አድማስ የተንጣለለ ሜዳ ነው። ልጁ ጥቂት እንደተራመደ ተንገዳግዶ ወደቀ። ፊቱ ቀልቷል፤ ቆዳው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ የሚናገረውም አይያያዝም ነበር። ይህ በፀሐይ ምት የተመታ ሰው ምልክት ነው፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ሊሞት ይችላል።

ከመንገዱ ራቅ ብሎ አንድ የግራር ዛፍ ነበር። ተሸክመን ከጥላው ሥር አጋደምነው። ጃኬቱን ልናወልቀው ስንል በሰመመን ውስጥ ሆኖ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘው። ገንዘቡን በገበሩ ውስጥ ሰፍቶ ነበርና። አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ጥምጣማቸውን ፈትተው በውሃ ነከሩና በደረቱ ላይ ዘረጉት። አንዲት እናትም የቶባቸውን ጫፍ አርጥበው ግንባሩን ያብሱ፣ በሌላ እጃቸው ያራግቡት ነበር። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ ማፍሰስ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል፣ ነቅቶ መዋጥ እስኪችል ጠበቅን። ከዚያም ዱቄቱን በኮዳዬ በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስሙን ተናገረ። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጥምጣማቸውን ጨመቁና እርጥቡን መልሰው ጠመጠሙት።

ውሃውን ያገኘነው ከዚያው ከግራሩ ሥር ነው። በእንጨት መቀመጫ ላይ ሁለት የሸክላ እንስራዎች ተቀምጠው ነበር። ሱዳናውያን እንስራውን ዚር፣ ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጠውን ውሃ ደግሞ ሰቢል ይሉታል። ውሃውን የሞላው ማን እንደሆነ መንገደኛው አያውቅም፤ ዋጋም አይከፍልም። ዚሩ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ሰውነታችን በሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች በጥቂቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ደረቁ ነፋስ ሲያተነው በውስጥ ያለው ይቀዘቅዛል። የአገሩ ሰዎች የአየሩን ጠባይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አጥንተው ለራሳቸውም ለእንግዳም ተዘጋጅተዋል።

ልጁ ከተሻለው በኋላ ነገሩን አጫወተኝ። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለደላላ ከፍሏል፤ በገበሩ የሰፋው የተረፈውን ነበር። አሳቡ ካርቱም ጥቂት ሰንብቶ በሰሃራ በኩል ወደ ሊቢያ፣ ከዚያም በባሕር ወደ አውሮፓ ለመሻገር ነው። «ምን ይዘህ ልትሻገር አሰብህ?» ብለው፣ «ደላላው ገንዘቡን ብቻ ያዝ፣ ሌላው የእኔ ድርሻ ነው ብሎኛል» አለኝ። በዋድ መዳኒ ሜዳ፣ በአውራ ጎዳና ዳር፣ ብዙ ሰው በከበበው ቦታ እንኳ ሕይወቱ ለጥቂት ተርፋለች። በሰሃራ መካከል ግራርም ሰቢልም የለም። በዚያ መንገድ የሚሞተው ሰው ቁጥሩ በትክክል አይታወቅም፤ መቃብሩም ምልክት የለውም። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተገደሉትን ወገኖቻችንን ዜና ስሰማ በአሳቤ የመጣው የዚያ ልጅ ፊት ነበር።

ሳጃና ስንደርስ ልጁን ይዤው ወደ አጎቴ ቤት ሄድሁ። አጎቴ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አስቀድመው ውሃ ሰጡት። በማግሥቱ፣ «ልጄ፣ ሂድም አትሂድም አልልህም። ነገር ግን መንገዱን የሄዱ ሰዎች በዚህ ሰፈር አሉ። አንድ ወር ከእኔ ጋር ጣውላ እያወረድህ እነርሱን አነጋግር፤ ከዚያ በኋላ ራስህ ወስን» አሉት። እኔ ስመለስ ልጁ በጣውላ ቤቱ ይሠራ ነበር። ገና አልወሰነም ነበር። ጃኬቱን ግን ሸጦ አንድ ነጭ ጀላቢያ ገዝቷል።

በሳጃና ሳለሁ አራተኛው ስንቅ፣ ማለትም አንደበት፣ ምን ያህል እንደሚጠቅም አየሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ መቶ ያህል የዐረብኛ ቃላት በደብተር ጽፌ አጥንቼ ነበር። ዐረብኛና አማርኛ ሁለቱም ከሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ ነገር ያመሳስላቸዋል። ቤት በዐረብኛ «በይት» ነው፤ ዓይን «ዐይን»፣ ራስ «ራስ»፣ ደም «ደም»፣ ስም «ኢስም» ይባላሉ። ይህ ተመሳሳይነት ለተማሪው ብርታት ይሰጣል። ነገር ግን ወጥመድም አለበት። በዐረብኛ «አርበዓ» ማለት 4 ሲሆን በአማርኛ አርባ 40 ነው። «ሰብዓ» 7 ሲሆን ሰባ ግን 70 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በገበያ 4 ፓውንድ ሲሉት 40 ቆጥሮ ቢሰጥ፣ ያታለለው ጆሮው እንጂ ነጋዴው አይደለም።

ከቁጥር ይልቅ ደግሞ ሰላምታ ይበልጣል። ሱዳናዊ እንደ እኛ አገር ሰው ጤናህን፣ ቤተሰብህንና ሥራህን እያፈራረቀ ይጠይቃል። ሰላምታውን ሳይጨርሱ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። ሰላምታን በሚገባ ለተማረ እንግዳ ባለሱቁ ወንበር ይስብለታል፤ ዝንጅብል የገባበት የጀበና ቡና ይጋብዘዋል። በዚያ የቀመስሁት ከማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገር ኪስራም የእንጀራ ዘመድ መሆኑን አልጠራጠርም። ማታ ማታ በግቢው ውስጥ፣ አንጋሬብ በሚባለው የጠፍር አልጋ ላይ ተጋድመን አየር ስንቀበል አጎቴ የጎረቤቶቻቸውን ታሪክ ያጫውቱኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ሰማዩን እንደ ግድግዳ የሸፈነ አቧራ ከሩቅ ሲመጣ አየሁ። ይህ ሐቡብ የሚባለው ማዕበል ነው። አንድም ሰው አልደነገጠም። መስኮቱ ተዘጋ፤ ዚሩ ተከደነ፤ እርጥብ ጨርቅ በአፍንጫችን ላይ አደረግን፤ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሣ። ውጊያው የተጀመረው በካርቱም መካከል ስለነበር የሳጃና ነዋሪም እንደ ሌላው ተበተነ። ከስደተኛው ጋር ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነርሱም አንዱ አጎቴ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር። በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ በኩል አድርገው ጋላባት የደረሱት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ቤት፣ አልጋ፣ የ30 ዓመት ዕቃ፣ ሁሉም በዚያ ቀረ። የያዙት አንድ ኮዳ ውሃ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር፣ ነጭ ጥምጣምና ከአንገታቸው ያንጠለጠሏትን ከረጢት ነበር።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ከረጢቷን ከፍተው ፓስፖርታቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውንና የልጆቻቸውን የልደት ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ሰነዳቸው በቤታቸው የቀረባቸው ሰዎች በድንበሩ ብዙ ሲጉላሉ አይቻለሁ። እኔ በዚያ አገር የኖርሁት ነገ እንደምመለስ ሰው ተዘጋጅቼ ነው። አገሩን ስለጠላሁት አይደለም። ጎረቤቶቼ ናቸው እስከ መኪናው ድረስ የሸኙኝ፤ ውሃውንም የሞሉልኝ እነርሱ ናቸው» አሉኝ። ስለዚያ ልጅ ጠየቅኋቸው። ወደ ሊቢያ አለመሄዱን፣ በገዳሪፍ ሚስት አግብቶ የራሱን ጣውላ መሸጫ መክፈቱን፣ በስደታቸውም ወቅት ሁለት ሌሊት ያሳደራቸው እርሱ መሆኑን ነገሩኝ።

እንግዲህ ዝግጅት ማለት ሻንጣ መሙላት አይደለም። የምንሄድበትን አገር አየር፣ በሽታ፣ ሕግ፣ ቋንቋና ባህል አስቀድሞ መማር ነው። ይህ ትምህርት ለራስ ደኅንነት ይበጃል፤ ለአስተናጋጁም ሕዝብ ክብር መስጠት ነው። ሳይዘጋጅ የሚሄድ ሰው ሸክሙን በሌላው ትከሻ ላይ ይጥላል፤ ጥምጣማቸውን የሚፈቱለት ሽማግሌም ሁልጊዜ ላይገኙ ይችላሉ። የተዘጋጀ ሰው ግን ከራሱ አልፎ ለወደቀው የሚያካፍለው ውሃ በኮዳው ይተርፈዋል።

ዛሬ በክፍል ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች ነገ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለዕረፍት ከአገር ወጥታችሁ ትሄዱ ይሆናል። ገንዘብ ብቻ ይበቃል የሚላችሁን አትመኑ። ወረቀታችሁን አሟሉ፤ ሐኪም ጠይቁ፤ ስለ ውሃና ስለ ፀሐይ አጥኑ፤ የአገሩንም ሰላምታ ልመዱ። ይህን ስንቅ መቋጠር የሚጀመረው በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ገና አገር ቤት፣ በትምህርት ገበታ ላይ ሳላችሁ ነው።